የምርኮኛውን አንብቢ

ጦር ሜዳ የዋለ ሰው የጻፈው መጽሐፍ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም፤ ማመን ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ፣ አንድ የመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ላስቲክ ላይ ከዘረጋቸው መካከል ጡረታ የወጣ መኮንን የጻፈውን አዲስ ትዝታ አየሁና አጎንብሼ አነሳሁት። ሽፋኑ ላይ ሰውዬው በጉብዝናው ዘመን ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ወደ ሩቅ ያሳያል። ሻጩ፣ "እማማ፣ እሱን ይውሰዱት፤ እውነቱን አፍረጥርጦ ነው ያወጣው" አለኝ። እውነቱን አፍረጥርጦ አወጣ ሲሉኝ ድሮም ጥርጣሬዬ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ገለጥ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የዛሬ መጽሐፍ ብዙም ጠረን የለውም። እኔ የማውቃቸው የጦር መጻሕፍት ግን ሙጫ ሙጫ፣ እርጥብ ካርቶን ካርቶን፣ አንዳንዴም ናፍጣ ናፍጣ ይሸቱ ነበር። ያ ጠረን ትዝ ሲለኝ ደግሞ አቶ ጌታሁን ይመጡብኛል፤ ጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ በሩ ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ ሲጠርጉ።

በደርግ ዘመን፣ ማብቂያው ላይ፣ የቀበሌያችን ንባብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ የማውሰው፣ አቧራ የማራግፈው፣ በሩን የምከፍትና የምዘጋው እኔው ነኝ። ቤቱ ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ የአንድ ሀብታም ቪላ ነበር፤ የእሳት ምድጃው ውስጥ ሳይቀር መጽሐፍ ተደርድሮበታል። መስኮቱን ስከፍት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነፋስ ይገባል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ራሱ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ጉለሌ ያኔ ከዛሬው ይልቅ ይበርዳል። አውቶቡስ በሳንቲም ነበር፤ ሻይ በሳንቲም ነበር፤ ፉርኖ ዳቦ ትኩሱን ይዞ በእግር ወደ ላይ መውጣት የድግስ ያህል ነው። ስኳር ግን በቀበሌው ሱቅ፣ በካርድ፣ በሰልፍ ነው የሚገኘው። ወንዱ ካኪ ወይም ሳፋሪ ይለብሳል፤ እኔ አንዲት ወይን ጠጅ ሹራብ ነበረችኝ፣ ክርኗ ላይ ጠቅሜ የጠገንኳት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት የማርሽ ሙዚቃ ይለቃል፣ ከሰዓት የዘመቻ ዘፈን። የዘመቻ ዘፈኖቹ ዜማቸው ያምር ነበር፤ ይህን ዛሬም ስናገር ዙሪያዬን አያለሁ።

መጻሕፍቱ አብዛኞቹ የጦርነት ነበሩ። ከሞስኮ የሚመጡ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የጀግኖች ታሪኮች፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ የታንከኞችና የአብራሪዎች ትዝታዎች፣ ከጣሊያን ጋር በዱር በገደል የተዋጉ አርበኞች ያሳተሟቸው ወረቀታቸው የወየበ ቀጫጭን መጻሕፍት። መጀመሪያ ላይ አንዱንም አልነካም ነበር። የጀመርኩት ታናሽ ወንድሜ ካሳሁን፣ ካሱ የምንለው፣ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከተላከ በኋላ ነው። ደብዳቤው ለተወሰነ ጊዜ መጣ፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ ከዚያ ቆመ። ሬዲዮው በየዕለቱ ድል ነው የሚያወራው። ሁልጊዜ የምናሸንፍ ከሆነ ልጆቹ ለምን አይጽፉም? ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ጦርነት ምን እንደሚመስል ካወቅሁ ወንድሜ የት እንዳለ የማውቅ ይመስል፣ ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያወረድኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ማታ ማታ ለእናቴ አነብላት ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን ስለት ነው። ሰው አታምንም፤ ጎረቤት ስኳር ተበድሮ ሲመልስ እንኳ ለምን ዛሬ መለሰ ብላ ታስባለች። አንድ ቀን የአንድ ታንከኛ ትዝታ ሳነብላት አቋረጠችኝ።

"ይሄ ሰውዬ ተርፏል?"

"ተርፏል እማዬ። መጽሐፍ የጻፈ እኮ ነው።"

"እንግዲያ የሞቱትን ማን ጻፈላቸው?"

"እሱ ስለ እነሱም ጽፏል።"

"ምን ያውቃል እሱ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

አቶ ጌታሁን የመጡት የካሱ ደብዳቤ በቆመበት ክረምት ነው። ረጅም፣ ሽበት የጀመራቸው፣ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት፣ ቀኝ ቅንድባቸው መሐል ላይ የተከፈለ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ቤት ከተከራዩ ገና ብዙም አልቆዩም፤ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ የለም። ጫማቸው ግን ጥሩ ቆዳ ነው፣ ሁልጊዜ የተወለወለ። ያን ጊዜ ግማሹ ሰፈር በሸራ ጫማና በበረባሶ ነበር የሚሄደው። የንባብ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደበላ ሰውዬው ገብተው እስኪቀመጡ ጠብቀው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ "ጫማውን አየሽው?" አሉኝ። "አየሁት" አልኩ። እንዲህ ያለ ጫማ የደኅንነት ሰው ነው ማለት ነበር፤ ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ሰውዬው ከጦር መጽሐፍ በቀር ሌላ አይጠይቁም። ልብ ወለድ አያነቡም፤ የማርክስን መደርደሪያ ለወጉ እንኳ አይነኩም። አንዱን ይወስዳሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌላ ይወስዳሉ። ሲመልሱ ደግሞ ዝም ብለው አይሄዱም፤ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ያወራሉ።

"ይህን አንብበሽዋል?"

"ጥቂት ገጾች" እላለሁ፣ ጨርሼው ሳለ።

"ሰውዬው ሲያሸንፍ 'እኔ አዘዝኩ፣ እኔ መታሁ' ይላል። ሲሸነፍ 'ጦሩ አፈገፈገ' ይላል። ታዲያ ያን ጊዜ እሱ የት ነበር? እንዲህ የሚጽፈውን ጠርጥሪው። ስለ ውሃና ስለ ስንቅ የማያነሳውንም እንደዚሁ። የተጠማ ሰው ውሃውን አይረሳም።"

እኔ፣ "አብዮታዊ ሠራዊታችን ግን ምንጊዜም ድል አድራጊ ነው" እላለሁ። እሳቸውም ፊታቸው ሳይለወጥ፣ "ምንም ጥርጥር የለውም፤ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ይሉና ጥላቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ስንት ወር እንዲህ ተነጋገርን። እኔ ሊያናግሩኝ ፈልገው ወጥመድ የዘረጉ ይመስለኛል፤ እሳቸውም፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ የቀበሌ ሠራተኛ ስለሆንኩ የምሰማውን የማደርስ መስያቸው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ትሰማኝና፣ "ተጠንቀቂ፤ ጥሩ የሚናገር ሰው ጥሩ ነገር አይደለም" ትለኛለች። ከዚያ ሌላ ቃል አትጨምርም።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮው አስጠራኝ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አይደርስም። ሻይ አስመጣልኝ። ሻይ ሲያስመጣልኝ ደነገጥኩ።

"ጓድ አልማዝ፣ ያ ጥላ የሚይዘው ሰውዬ ምንድን ነው የሚያነበው?"

"የሶቪየት ጀግኖችን ታሪክ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ስለ ምን ያወራሻል?"

"ስለ ጀግንነታቸው።"

"የድሮው ሠራዊት መኮንን ነበር ይባላል። በጡረታ የተሰናበተ። እንደዚህ ያለ ሰው ስለ ጦርነት ለምን እንዲህ ይቆፍራል? እስኪ ጆሮሽን ጣል አድርጊ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ እንግዲያው አቶ ጌታሁን የደኅንነት ሰው አይደሉም ብሎ ይረጋጋ ነበር። እኔ ግን በዚያ ዘመን ያደግሁ ነኝ። እኔን ለመፈተን ሁለቱ ተስማምተው ቢሆንስ አልኩ። ሰውዬው ያለኝን ሄጄ ካልተናገርኩ፣ ደበቀች ልባል ነው። ብናገር ደግሞ፣ ሰውዬው ንጹሕ ቢሆኑ፣ ምን እንደሚደርስባቸው አውቃለሁ። ሊቀመንበሩ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ የሶቪየት ጀግኖች መልስ ደጋገምኩለት። እየቆየ ሻዩ ቀረ። ጋሽ ደበላ፣ ቦታሽን ለሌላ ሰው ሊሰጡብሽ ነው ሲባል ሰማሁ አሉኝ። ደመወዜ የእኔና የእናቴ መኖሪያ ነበረች።

በዚህ መሐል ነው አቶ ጌታሁን ያን ሰማያዊ መጽሐፍ ያነሱት። የፊት ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ፣ ስሙም የጻፈውም የማይታወቅ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ የተጣለ ትርጉም ነበር። በጦርነት ተማርኮ ዓመታት በጠላት እጅ ቆይቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር የጻፈው ነው።

"የምርኮኛውን አንብቢ" አሉኝ።

"እሺ፣ አነበዋለሁ።"

በሳምንቱ ተመልሰው፣ "አነበብሽው?" አሉ።

"ጊዜ አላገኘሁም።"

"አንብቢው። ለእናትሽም አንብቢላት።"

ተማረከ የሚለው ቃል በሬዲዮ ለጠላት ብቻ ነበር የሚሠራው። የእኛ ወታደር ይሰዋል እንጂ አይማረክም፤ ተማረከ ያለ ወሬ ነዢ ነው፣ ወሬ ነዢ ደግሞ ፀረ አብዮት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንዳነብ የሚገፋፋኝ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ለእናቴ እንደማነብላትስ ማን ነገረው? መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንስቼ ከምድጃው ውስጥ፣ ከሌሎቹ ኋላ ወሸቅሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ካሳሁን የትኛው ክፍለ ጦር ውስጥ እንደነበረ እርግጠኛ ናችሁ?" አሉኝ።

የወንድሜን ስም ለእሳቸው አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። መዝጊያ ሰዓት ደርሷል ብዬ ተነሳሁ። ገና ከሰዓት ነበር። እሳቸውም ሰዓታቸውን አይተው ወጡ።

በመጨረሻ፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ራሴ ማወቅ አለብኝ አልኩ። ቁስቋም ማርያም በምትነግሥበት ጠዋት ጥላቸውን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ አየኋቸው፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኳቸው። ዳገቱ ላይ ሕዝቡ እንደ ነጭ ወንዝ ይፈሳል፤ የማይሰወርብኝ ያ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። ደኅንነትም እኮ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ማን ማንን እንደሚያገኝ ሊያይ፣ እያልኩ ነው የምወጣው። ቅጥሩ ውስጥ ገብተው ወደ አንድ ጥድ ሥር ሄዱ፤ እዚያ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። አጠገቧ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከፊቷ ስታነሳ እናቴ ናት።

ሰው የማታምነው እናቴ። እሷ ግን አየችኝና ሳትደነግጥ በእጇ ጠራችኝ።

"ነይ ተቀመጪ። ተከትለሽ እንደምትመጪ አውቄ ነበር።"

"እማዬ፣ እኚህን ሰው ከየት ታውቂያቸዋለሽ?"

"እዚሁ ነዋ። ጥድ ሥር ተደፍተው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ሰላይ ሰው ሳያየው አያለቅስም ብዬ ጠጋ አልኩ።"

"ለምን ሳትነግሪኝ? ስንት ጊዜ ስለ እሳቸው ሳወራሽ?"

"አንቺ የቀበሌ ሠራተኛ አይደለሽም? ቢጠይቁሽ አላውቅም ስትዪ እውነትሽን እንዲሆን ብዬ ነዋ።"

አቶ ጌታሁን ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዙሪያቸውን እያዩ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሻለቃ ነበሩ፤ ወታደሮችን የጦር ታሪክ ያስተምሩ ነበር። አንድያ ልጃቸው መቶ አለቃ ነው፣ ሰሜን ነው፣ ደብዳቤው ካቆመ ቆይቷል። "መልኩ ቁርጥ እኔን ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር" አሉ። እናቴ ስለ ካሱ ስትነግራቸው ከቀድሞ ጓደኞቻቸው አንዱን በዘዴ ጠየቁ። የካሱ ክፍል ተከቦ ተበትኗል፤ ከሞት የተረፉት በምርኮ እንደተያዙ ሰውየው በሹክሹክታ ነግሯቸዋል። የካሱን ስም ግን ማንም አላረጋገጠም።

"ለእናትሽ በእርግጠኝነት ልነግራት አልደፈርኩም" አሉኝ። "ለአንቺም በአፌ ብናገርና ካፍሽ ቢወጣ፣ አንቺም እኔም አበቃልን። ተስፋው በመጽሐፉ አድርጎ ይግባችሁ ብዬ ነው። ሰው ተማርኮ፣ ተርቦ፣ ቆስሎ፣ አገሩ ሊገባ እንደሚችል እንድታውቁ።"

"እኔ ደብቄው ነበር" አልኳቸው።

"ደግ አደረግሽ" አሉ። "እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እደብቀው ነበር።"

"የእርስዎስ ልጅ?"

"የእሱን ጠይቄ የሚመልስልኝ አጣሁ" ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

በዚያው ሳምንት ሰማያዊውን መጽሐፍ በሹራቤ ሥር ደብቄ ቤት ወሰድኩት። በሩን ዘግተን፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርገን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለእናቴ አነበብኩላት። ካነበብኳቸው የጦር መጻሕፍት ሁሉ እስከ ዛሬ ይነበብ የምለው እሱን ነው፤ ስሙን አላውቀውም እንጂ። ሰውዬው አንድም ጠላት ገደልኩ አይልም። ስለ እግሩ ቁስል፣ ስለ ሾርባ፣ አጠገቡ ስለሚተኛ ሰው ሳል ነው የሚያወራው። ብዙ ቦታ ላይ "ይህን አላየሁም፤ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ" ይላል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ፣ "ይሄኛው አይዋሽም" አለች።

ሊቀመንበሩ ከንባብ ቤቱ አስነሳኝ፤ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳር መዛኝ ሆንኩ። ንባብ ቤቱን የተረከበው ሰው የአቶ ጌታሁንን መምጣት አልወደደውም መሰለኝ፣ እየቆዩ ቀሩ። ከእኛ ጋር ግን ቁስቋም ጥድ ሥር መገናኘታችን አልቀረም። ማውራት እንኳ ትተን ነበር፤ ዝም ብለን ተቀምጠን እንነሳለን።

ደርግ ወደቀ። የተበተነው ሠራዊት ልብሱ አልቆ፣ እግሩ አብጦ፣ ከተማውን ሞላው። በየመንገዱ የእያንዳንዱን ወታደር ፊት እያየሁ ነበር የምሄደው። ካሱ የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ዝናቡ ውስጥ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው ይመስል፣ እናቴ እስክትጠራው ጠበቀ። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ከምርኮ ነው የመጣው። እኔና እናቴ ምንም እንዳንጠይቀው ተስማማን፤ ራሱ እስኪጀምር። እሱም አልጀመረም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ በር ሲንኳኳ ብድግ ይላል።

በሳምንቱ አቶ ጌታሁን መጡ። ካሱ ቀና ብሎ አያቸውና ቀና እንዳለ ቀረ።

"እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልጄ" አሉት።

"እንኳን አብሮ አበቃን" አለ፣ ድምፁ በቅጡ ሳይሰማ።

ጤናውን ጠየቁት፣ እግሩን ጠየቁት። ውሃ ከየት ትጠጡ ነበር አሉት፤ ትንሽ ነገራቸው። ሻይ ሰጠኋቸው፣ አልቀመሱትም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደው አንዲት ፎቶግራፍ አወጡና ነጩን ጀርባዋን ወደ ላይ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሯት። ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ካሱ ቀደማቸው።

"አላየሁትም፣ ጋሼ።"

አቶ ጌታሁን ፎቶግራፏን ሳይገለብጧት መልሰው ኪሳቸው ከተቷት። "እግዜር ያክብርልኝ ልጄ" አሉት፤ ተነስተው ትከሻውን ያዝ አደረጉትና ወጡ። እኔ፣ መቼም ምስኪን፣ አንድ ተስፋ ሄደባቸው ብዬ አዘንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በደጃቸው ድንኳን ተተከለ። ሰፈርተኛው፣ መርዶ ማን አመጣላቸው እያለ ይጠያየቃል፤ ያረዳ ሰው የለም። ያን ክረምት ጉለሌ ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት መንደር ስላልነበረ ጥያቄው ብዙ አልቆየም። እኔና እናቴ ለለቅሶው የሚወሰድ ንፍሮ በሰፌድ እያወጣን ነበር።

"ምነው ለካሱ ስለ ልጃቸው ባትነግሪው ኖሮ" አልኳት። "ሳይጠይቁት ነው እኮ የመለሰላቸው። ትንሽ እንኳ ተስፋ ይቆይላቸው ነበር።"

እናቴ እጇን ሰፌዱ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

"እኔ ምኑን ነገርኩት? አንቺ የነገርሽው መስሎኝ።"

"እኔ ቃል አልተነፈስኩም።"

ተያየን። እናቴ ቀስ ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ገና በር ላይ ሲያያቸው ነው" አለች። "መልካቸውን ሲያይ ልጃቸውን አወቀ።"

ካሱን ብንፈልገው ቤት ውስጥ የለም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ንፍሮውን ተሸክሜ ከኋላዋ ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ገና አልሞላም። ካሱ አቶ ጌታሁን አጠገብ፣ የሟች ወንድም በሚቀመጥበት በኩል ተቀምጧል። አባትየው የካሱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጭናቸው ላይ አኑረውታል። እኛ ስንገባም አልለቀቁትም።